የንግድ መዝገብ በ«አር» ቋንቋ ሲሠራ ስለሚደርሱ ስሕተቶችና ስለ መፍትሔያቸው

መዝገቡ ያልተጣራ ነጋዴ ትርፉንም ሆነ ኪሳራውን በጊዜው ሊያውቅ አይችልም። ይህ ነገር ለድሬዳዋ ነጋዴ አዲስ ትምህርት አይደለም። ከተማይቱ በ1895 ዓ.ም. ከጂቡቲ የተነሣው የባቡር ሐዲድ ሲደርስ ከተቆረቆረች ወዲህ፤ የንግድ መዝገቧ በአንድ ቋንቋና በአንድ አቆጣጠር ብቻ የተወሰነበት ጊዜ የለም። ከወደብ የሚመጣው ሰነድ በፈረንሳይኛ፣ የባንኩ ወረቀት በእንግሊዝኛ፣ የሱቁ የዱቤ መዝገብ በአማርኛ ይጻፋል። በከፊራ ገበያ ዋጋ የሚቈረጠው ደግሞ በኦሮምኛ፣ በሶማሊኛ፣ በሐረሪና በአማርኛ ነው። ቀኑም በአንዱ ሰነድ በኢትዮጵያ፤ በሌላው በአውሮፓ አቆጣጠር ሰፍሮ ይገኛል።

መዝገቡ በጸሐፊ እጅ ብቻ ይያዝ በነበረበት ዘመን ይህ ልዩነት ብዙ ጉዳት አያመጣም ነበር። ጸሐፊው «ድሬ ዳዋ» እና «ድሬዳዋ» አንድ ከተማ መሆናቸውን፤ 13ኛው ወር ጳጉሜን መሆኑን፤ ፈረሱላና ኩንታል እንደማይደመሩ ያለ አስረጅ ያውቃል። ኮምፒዩተር ግን የተጻፈለትን እንጂ የታሰበውን አያነብም። አዲሱ የአዲስ አበባና የጂቡቲ ባቡር በ2010 ዓ.ም. የንግድ አገልግሎቱን ከጀመረ፤ የድሬዳዋ ነፃ የንግድ ቀጠናም በነሐሴ ወር 2014 ዓ.ም. ከተመረቀ ወዲህ፤ በኮምፒዩተር የሚመዘገበው ሰነድ እየበዛ ስለ ሄደ፤ የንግድ ቤቶች ይህን ጉዳይ ጠንቅቀው ማወቅ ያስፈልጋቸዋል።

«አር» የተባለው ቋንቋ ምን እንደ ሆነ

«አር» ቁጥርንና ሠንጠረዥን ለማጣራት፣ ለመደመርና ለማነጻጸር የተሰናዳ የኮምፒዩተር ቋንቋ ነው። የሠሩት በኒውዚላንድ አገር በኦክላንድ ዩኒቨርሲቲ ያስተምሩ የነበሩት ሮስ ኢሃካና ሮበርት ጀንትልማን ሲሆኑ፤ መሠረት ያደረጉት ቀደም ሲል በአሜሪካ በቤል ላቦራቶሪ የተፈጠረውን «ኤስ» የተባለ ቋንቋ ነው። የመጀመሪያው ሙሉ እትም የወጣው የካቲት 21 ቀን 1992 ዓ.ም. ነው። ለመጠቀም ክፍያ አይጠየቅበትም፤ በተራ የቢሮ ኮምፒዩተርም ላይ ይሠራል። ከኢትዮጵያ ዩኒቨርሲቲዎች በስታቲስቲክስ ከሚመረቁት ወጣቶች ብዙዎቹ ስለሚያውቁት፤ አንድ የንግድ ቤት የሚሠራለት ሰው ፈልጎ ለማግኘት አይቸገርም።

ከኤክሴል የሚለይበት ዋና ነገር አለ። በኤክሴል ጸሐፊው አንዱን ቁጥር በእጁ ቢለውጥ ለውጡ የተደረገበት ምክንያት ተጽፎ አይቀርም። በአር ግን እያንዳንዱ እርማት ትእዛዝ ሆኖ በተራ ስለሚጻፍ፤ ሌላ ሰው በሌላ ቀን ያንኑ ትእዛዝ አስኪዶ ያንኑ ውጤት ያገኛል። ነገር ግን ትእዛዙ ራሱ የተሳሳተ እንደ ሆነ ስሕተቱም ሺህ ጊዜ በፍጥነት ይደገማል። ከዚህም ስሕተት ሁለት ዐይነት አለ። አንደኛው ሥራውን የሚያቆምና የሚጮህ ነው፤ ይህ አያስፈራም። ሁለተኛው ዝም ብሎ የሚያልፍ ነው፤ ገንዘብ የሚያጠፋው ይኸኛው ነው። ከዚህ በታች የተዘረዘሩት በአብዛኛው ከሁለተኛው ወገን ናቸው።

1ኛ፤ ስለ ቀን

አር ቀንን በራሱ የሚያውቀው በአውሮፓ አቆጣጠር ነው። በዱቤ መዝገብ ላይ «30/2/2017» የሚል ቢገኝ፤ ነጋዴው ጥቅምት 30 ቀን 2017 ዓ.ም. ብሎ ያነበዋል። አር ግን 2ኛው ወር ፌብሩዋሪ ነው ብሎ ስለሚወስድና ፌብሩዋሪም 30ኛ ቀን ስለሌለው፤ ቦታውን ባዶ ያደርገዋል። ይህ ሲታይ ይታወቃል። የሚያስቸግረው «12/2/2017» የሚለው ነው። ነገሩ ጥቅምት 12 ቀን ሆኖ ሳለ፤ አር ፌብሩዋሪ 12 ቀን እ.ኤ.አ. 2017 ብሎ ያለ ማስጠንቀቂያ ይቀበለዋል። በዚህ ምክንያት የትናንቱ ዱቤ ከ7 ዓመት በላይ የዘገየ ዕዳ ሆኖ ይቈጠራል። እንዲሁም ጳጉሜን 5 ቀን 2016 ዓ.ም. «5/13/2016» ተብሎ ተጽፎ፤ ወርን በሚያስቀድመው በአሜሪካኖች ልማድ ቢነበብ፤ ሜይ 13 ቀን እ.ኤ.አ. 2016 ይሆናል።

በዓመቱ ላይ 7 ወይም 8 መጨመር ብቻውን መፍትሔ አይሆንም፤ ወሩና ቀኑም ይለያያሉና። ትክክለኛው መንገድ የሚከተለው ነው። የኢትዮጵያው ዓመት በ365 ይባዛል። ዓመቱ ለ4 ተካፍሎ የሚገኘው ሙሉ ቁጥር፤ ትራፊው ተትቶ፤ ይደመርበታል። ከወሩ ቁጥር 1 ተቀንሶ የቀረው በ30 ተባዝቶ ይደመራል። ቀኑም ይደመራል። ከጠቅላላው ድምር 716,733 ይቀነሳል። የሚቀረው ቁጥር ከጃንዋሪ 1 ቀን እ.ኤ.አ. 1970 ወዲህ ያለፉት ቀናት ብዛት ነው፤ አርም ቀንን በውስጡ የሚይዘው በዚሁ ቁጥር ነው።

ለምሳሌ ጥቅምት 30 ቀን 2017 ዓ.ም. ሲሰላ፤ 2017 በ365 ሲባዛ 736,205፤ 2017 ለ4 ሲካፈል 504፤ ወሩ 2 ስለ ሆነ 30፤ ቀኑ 30፤ ድምሩ 736,769 ይሆናል። 716,733 ሲቀነስ 20,036 ይቀራል። አር ይህን ቁጥር ወደ ቀን እንዲለውጥ ቢታዘዝ ኖቬምበር 9 ቀን እ.ኤ.አ. 2024 ብሎ ይመልሳል፤ ትክክልም ነው። ስሌቱ ጳጉሜን 6 ቀን የምትሆንበትን ዓመት ጭምር በራሱ ያስተካክላል።

ትራንዚተሩ ከላከው የኤክሴል ፋይል ውስጥ በቀን ፈንታ 45605 የመሰለ ቁጥር ቢገኝ ሊያስደነግጥ አይገባም። ኤክሴልም እንደ አር ቀናትን ይቈጥራል፤ ነገር ግን የሚነሣበት ቀን ሌላ ነው። ከቁጥሩ 25,569 ሲቀነስ የአር ቁጥር፤ ማለት 20,036፤ ይገኛል።

ሰዓትም እንዲሁ መታየት አለበት። የጭነት መኪናው «በ2 ሰዓት ጠዋት ገባ» ተብሎ ከተጻፈ፤ የጉምሩክ ሰነዱ ግን 8 ሰዓት ቢል፤ ሁለቱ አንድ ናቸው። የመጋዘን ኪራይ በቀን ስለሚታሰብ፤ በተለይ ሌሊት ከ6 ሰዓት በኋላ የገባ ዕቃ በየትኛው ቀን እንደ ተመዘገበ አስቀድሞ መወሰን ይገባል።

2ኛ፤ ቃል ሆኖ ስለሚገባ ቁጥር

«1,250» ለሰው ዐይን ቁጥር ነው። አር ግን ነጠላ ሰረዙን ሲያይ ቃል ነው ብሎ ይመዘግበዋል። በአንድ ዓምድ ውስጥ አንድ ብቻ እንዲህ ያለ ጽሑፍ ቢገኝ፤ ወይም ጸሐፊው በቁጥር ቦታ «አልተከፈለም» ብሎ ቢጽፍ፤ ዓምዱ በሙሉ ቃል ይሆናል።

እስከ 2012 ዓ.ም. ድረስ የነበሩት የአር እትሞች ደግሞ እንዲህ ያለውን ዓምድ ሲያነቡ፤ ለእያንዳንዱ ቃል በራሳቸው የተራ ቁጥር ይሰጡ ነበር። በ2012 ዓ.ም. የወጣው አራተኛው እትም ይህን ልማድ አስቀርቶታል። ሆኖም አሮጌ ትእዛዝ የሚጠቀም ሰው ዛሬም ሊሳሳት ይችላል። ዋጋዎቹ 900፣ 1,250 እና 75 ቢሆኑ፤ በፊደል ተራ ሲደረደሩ 1,250 አንደኛ፣ 75 ሁለተኛ፣ 900 ሦስተኛ ይሆናሉ። ዓምዱ በቀጥታ ወደ ቁጥር ይለወጥ ቢባል የሚወጣው ይህ ተራ እንጂ ዋጋው አይደለም። የ2,225 ብር ሽያጭ 6 ብር ሆኖ ይደመራል ማለት ነው። ስለዚህ ዓምዱ በመጀመሪያ እንደ ቃል ይያዛል፤ ቀጥሎ ሰረዙ ይነሣለታል፤ በመጨረሻም ወደ ቁጥር ይለወጣል።

በፈረንሳይኛ ልማድ የተጻፈ የጂቡቲ ደረሰኝ ሌላ ጥንቃቄ ይጠይቃል። በዚያ ልማድ ሰረዙ የሳንቲሙ መለያ ሲሆን፤ ነጥብ ወይም ባዶ ቦታ ደግሞ የሺው መለያ ነው። «1.250» ተብሎ የተጻፈው አንድ ሺህ ሁለት መቶ ኀምሳ ሆኖ ሳለ፤ አር አንድ ከሩብ ብሎ ያነበዋል። የሺው መለያ አስቀድሞ ሊነሣ፤ የሳንቲሙም መለያ ሰረዝ መሆኑ ለአር ሊነገረው ይገባል።

3ኛ፤ ስለ ባዶ ቦታና ስለ ዜሮ

አር ያልታወቀን ነገር «ኤን ኤ» በሚል ምልክት ይይዛል። ይህ ምልክት ዜሮ ማለት አይደለም። በድምር ውስጥ አንድ «ኤን ኤ» ከተገኘ ድምሩም «ኤን ኤ» ይሆናል፤ ያልታወቀ ነገር ያለበት ድምር ሊታወቅ አይችልምና። ብዙ ጀማሪዎች በዚህ ጊዜ ተቻኵለው ባዶውን ሁሉ ዜሮ ያደርጉታል፤ ወይም ባዶው ተዘሎ ይደመር ብለው ያዛሉ።

አንድ ሱቅ በሦስት ቀን ውስጥ በመጀመሪያው 4,000 ብር፣ በሦስተኛው 6,000 ብር ሸጦ፤ የመካከለኛው ቀን ባዶ ቢሆን፤ ባዶው ቢዘለል የቀኑ አማካይ ሽያጭ 5,000 ብር ይሆናል። ባዶው ዜሮ ቢደረግ 3,333 ብር ነው። የትኛው ትክክል እንደ ሆነ ኮምፒዩተሩ አያውቅም። ሱቁ በበዓል ምክንያት ተዘግቶ ከሆነ ዜሮው እውነት ነው፤ ጸሐፊው ሳይመዘግብ ቀርቶ ከሆነ ግን ዜሮው ሐሰት ነው። ዕቃ ለማዘዝ በዚህ አማካይ የሚመራ ነጋዴ ወይ መጋዘኑን ያጣብባል፤ ወይ ደንበኛውን ባዶ እጁን ይመልሳል። ስለዚህ የተዘጋበት ቀን 0 ተብሎ እንዲጻፍ፤ ያልተመዘገበው ባዶ እንዲተው፤ ለጸሐፊዎች ሁሉ አንድ ደንብ ሊሰጥ ይገባል።

4ኛ፤ ስለ ስምና ስለ መለያ ቁጥር

አማርኛ አንድን ድምፅ በልዩ ልዩ ፊደል ይጽፋል። ሀ፣ ሐ እና ኀ፤ ሰ እና ሠ፤ አ እና ዐ፤ ጸ እና ፀ ለጆሮ አንድ ሲሆኑ ለአር የተለያዩ ናቸው። «ዓለሙ»፣ «አለሙ» እና «ዐለሙ» ሦስት ደንበኞች ይሆናሉ። «መሐመድ»፣ «ሙሐመድ» እና «መሀመድ» እንዲሁ ናቸው። ከስሙ በኋላ ሳይታይ የቀረ አንድ ባዶ ቦታ እንኳ አዲስ ደንበኛ ይፈጥራል። እያንዳንዱ ስም ለየብቻው የዱቤ ወሰን ከተሰጠው፤ አንዱ ሰው በሦስት ስም ከወሰኑ ሦስት እጥፍ ሊወስድ ይችላል።

መድኃኒቱ እንዲህ ነው። የስሙ ዓምድ እንዳለ ይቀመጥ፤ በሕግ ፊት የሚጸናው እርሱ ነውና። ከጎኑ ሌላ የማመሳከሪያ ዓምድ ይከፈት፤ በዚያ ውስጥ ተመሳሳይ ድምፅ ያላቸው ፊደሎች ወደ አንድ ይመለሱ፤ የሁለት ነጥብ መለያውና ትርፍ ባዶ ቦታውም ይነሡ። ከሁሉ የሚሻለው ግን ደንበኛን በግብር ከፋይ መለያ ቁጥሩ ማወቅ ነው።

የመለያ ቁጥር ደግሞ የራሱ ጥንቃቄ አለው። ብዙው የግብር ከፋይ መለያ ቁጥር በዜሮ ይጀምራል፤ አርም ቁጥር ነው ብሎ ካነበበው ከፊት ያሉትን ዜሮዎች ይጥላቸዋል። በጉምሩክ ታሪፍ ቡናን የሚያመለክተው 0901፤ በሕይወት ያሉ በጎችንና ፍየሎችን የሚያመለክተው 0104 ነው። ዜሮው ሲወድቅ 901 እና 104 ይሆናሉ፤ በዚህም ከታሪፉ መጽሐፍ ጋር ሊገናኙ አይችሉም። የማይደመርና የማይቀነስ ቁጥር ሁሉ፤ ማለት የመለያ፣ የታሪፍ፣ የስልክና የኮንቴይነር ቁጥር፤ ከመጀመሪያው ቃል ሆኖ እንዲነበብ መታዘዝ አለበት።

የግዕዝ ፊደል በዓለም አቀፉ የኮምፒዩተር ፊደል መዝገብ፤ በዩኒኮድ፤ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። ከዚያ በፊት በነበሩ መጻፊያዎች የተመዘገበ አሮጌ ፋይል ሲከፈት ትርጕም የሌለው የላቲን ፊደል ሆኖ ሊታይ ስለሚችል፤ አስቀድሞ ወደ ዩኒኮድ መለወጥ አለበት። በዊንዶውስ ኮምፒዩተር ላይም በ2014 ዓ.ም. ከወጣው 4.2 እትም ጀምሮ ያለውን አር መጠቀም በአማርኛ ጽሑፍ ላይ ይደርስ የነበረውን ብዙ ችግር ያስቀራል።

5ኛ፤ ስለ ሚዛንና ስለ ገንዘብ

ቡና በፈረሱላም፣ በኩንታልም፣ በኬሻም ይመዘገባል። አንድ ፈረሱላ 17 ኪሎ፤ አንድ ኩንታል 100 ኪሎ፤ ለውጭ አገር የሚላክበት ኬሻ ደግሞ በተለመደው 60 ኪሎ ነው። 12 ፈረሱላና 3 ኩንታል በአንድ ዓምድ ቢጻፉ አር 15 ብሎ ይደምራቸዋል፤ 15 ምን እንደ ሆነ ግን ማንም ሊናገር አይችልም። እውነተኛው ድምር 204 ኪሎና 300 ኪሎ፤ ማለት 504 ኪሎ ነው። መጠኑ በአንድ ዓምድ፤ መለኪያው በሌላ ዓምድ ይጻፍ፤ ከዚያም ሁሉም በሦስተኛ ዓምድ ወደ ኪሎ ይለወጥ።

ገንዘብም እንዲሁ ነው። የጂቡቲ ፍራንክ ከእ.ኤ.አ. 1973 ጀምሮ 177.721 ለ1 የአሜሪካ ዶላር ሆኖ የተወሰነ በመሆኑ እርሱን ለመለወጥ አንድ ቁጥር ይበቃል። ለብር ግን አይበቃም። የኢትዮጵያ ብሔራዊ ባንክ የውጭ ምንዛሬ ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ያደረገው ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ሲሆን፤ ከዚያ በፊት 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንት ውስጥ ከ100 ብር አልፏል። በሰኔና በመስከረም የገባን ዕቃ የብር ዋጋ በቀጥታ የሚያነጻጽር ሠንጠረዥ የምንዛሬውን ለውጥ የንግድ ትርፍ አስመስሎ ያሳያል። እያንዳንዱ ረድፍ የገንዘቡን ዐይነትና የዕለቱን ምንዛሬ ይዞ መገኘት አለበት።

6ኛ፤ ሁለት መዝገብ ስለ ማገናኘት

ከሁሉ በላይ ነጋዴን የሚጎዳው ይህ ነው። አንድ የንግድ ቤት 120 የዱቤ ደንበኞች ቢኖሩት፤ ከእነርሱም 95ቱ ጥቂትም ቢሆን ከፍለው ቢሆን፤ የዱቤው መዝገብና የክፍያው መዝገብ «መርጅ» በተባለው ትእዛዝ ይገናኛሉ። ይህ ትእዛዝ ሌላ ነገር ካልተነገረው የሚያስቀረው በሁለቱም መዝገብ ያሉትን ብቻ ነው። የሚወጣው ዝርዝር 95 ስም ይይዛል። የጠፉት 25 ደንበኞች አንድ ሳንቲም ያልከፈሉት ናቸው። ዝርዝሩ የተፈለገው ባለዕዳን ለማወቅ ሆኖ ሳለ፤ ዋናዎቹ ባለዕዳዎች ከዝርዝሩ ወጡ ማለት ነው። አርም ይህን ሲያደርግ ምንም አይናገርም። ስለዚህ የዱቤው መዝገብ ረድፎች በሙሉ እንዲቀሩ በግልጽ ማዘዝ ያስፈልጋል። ያልከፈሉት በክፍያው ዓምድ «ኤን ኤ» ይዘው ይታያሉ፤ ያም ተጣርቶ ዜሮ ይደረጋል።

ተቃራኒውም ይደርሳል። አንድ ደንበኛ በዱቤው መዝገብ ሁለት ጊዜ፤ በክፍያው መዝገብም ሁለት ጊዜ ቢገኝ፤ አር እያንዳንዱን ከእያንዳንዱ ጋር አጣምሮ አራት ረድፍ ያወጣል። ዕዳውም ክፍያውም እጥፍ ይሆናል። ከማገናኘት በፊት እያንዳንዱ መዝገብ በየደንበኛው ተደምሮ ለአንድ ደንበኛ አንድ ረድፍ ብቻ ሊቀር ይገባል።

ሊዘወተር የሚገባው ሥርዓት

ከላይ የተገለጡት ስሕተቶች ልዩ ልዩ ቢመስሉም የሚጠብቃቸው ሥርዓት አንድ ነው። አንደኛ፤ ከጸሐፊው ወይም ከትራንዚተሩ የመጣው የመጀመሪያ ፋይል ፈጽሞ አይነካም፤ እርማቱ ሁሉ በትእዛዝ ተጽፎ በቅጅው ላይ ይሠራል። ሁለተኛ፤ ከእያንዳንዱ ሥራ በፊትና በኋላ የረድፉ ብዛትና የገንዘቡ ድምር ይመሳከራል። 120 ረድፍ ገብቶ 95 ከወጣ ቀሪው የት እንደ ሄደ ሳይታወቅ ወደ ፊት አይታለፍም። ሦስተኛ፤ በየዓምዱ ትንሹና ትልቁ ቁጥር፣ የመጀመሪያውና የመጨረሻው ቀን፣ የባዶው ቦታ ብዛት ይታያል። በ2017 ዓ.ም. መዝገብ ውስጥ ከ7 ዓመት በፊት የሆነ ቀን ከተገኘ ስሕተቱ ራሱን ገልጧል። አራተኛ፤ ትእዛዙ ከመዝገቡ ጋር ይቀመጣል፤ ኦዲተር ወይም ግብር ሰብሳቢ ሲጠይቅ ቁጥሩ ከየት እንደ መጣ የሚያስረዳ ማስረጃ እርሱ ነውና።

የቀድሞ የሒሳብ ሠራተኞች ገጹን ሳይገለብጡ ድምሩን ሁለት ጊዜ፤ አንዴ ከላይ ወደ ታች፤ አንዴ ከታች ወደ ላይ ይደምሩ ነበር። ኮምፒዩተር መጣ ተብሎ ይህ ልማድ ሊቀር አይገባውም። «ሳይቃጠል በቅጠል» እንደሚባለው፤ ስሕተቱ በመዝገቡ ላይ ሳለ ቢታረም የሚያስወጣው የአንድ ሰዓት ድካም ነው፤ ዕቃው ከታዘዘ፤ ዱቤው ከተሰጠ፤ ግብሩ ከታወቀ በኋላ ግን የሚከፈልበት በገንዘብ ነው። የንግድ ቤት ባለቤቶች ቋንቋውን ራሳቸው ባይማሩት እንኳ፤ ውጤቱን ከመቀበላቸው በፊት ለሠራተኛው ሁለት ጥያቄ ማቅረብ ይችላሉ፤ ስንት ረድፍ ገብቶ ስንት ወጣ? ባዶ የነበረውስ ምን ተደረገ? ለእነዚህ ሁለት ጥያቄዎች በቂ መልስ ያልተገኘለት ሠንጠረዥ ገና አልተጣራምና በእርሱ ላይ ተመሥርቶ ዕቃ ማዘዝም ሆነ ዱቤ መስጠት አይገባም።